የ2ኛ ክፍል ልጅ ሲያነብ ሳይሰሙ አይመዝግቡ

ሰኔ ሲገባ ለ1ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለው የአዲስ አበባ ወላጅ እንቅልፍ ያጣል። ዘመድ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ያማክራል፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። በየበሩ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ክፍያው ስንት ነው? ዘንድሮስ ጭማሪ አለ? ሰርቪስ አላችሁ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እንግሊዝኛችሁ እንዴት ነው? የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት የተለጠፈበት ሰሌዳ ካለ ቆም ብሎ ያነባል። ግቢው ሰፋ ያለ፣ ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ፣ ርእሰ መምህሩ አንደበተ ርቱዕ ከሆነ ልቡ ይረካል። ይህ ሁሉ ዙረት ሲያበቃ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፤ እዚህ ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ አንብቦ መረዳት ይችላል ወይ? በእኔ እምነት ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ምርጫ ከዚህ የሚቀድም መመዘኛ የለም። ሌላው ሁሉ፣ እንግሊዝኛውም ጭምር፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ልጁ ከመጽሐፍ የሚያገኘው ዕውቀት ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን መምህሯ በቃል ትነግረዋለች። 3ኛና 4ኛ ክፍል ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። የአካባቢ ሳይንሱ ገጽ ይረዝማል፣ የሒሳቡ ጥያቄ ከቁጥር ወጥቶ በዓረፍተ ነገር ይመጣል፣ የቤት ሥራው መመሪያ ራሱ ተነብቦ የሚገባ ይሆናል። ያን ጊዜ ማንበብ ያቃተው ልጅ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሒሳብም በሳይንስም ይወድቃል፤ ወላጁም «ሒሳብ ይከብደዋል» ብሎ አስጠኚ ይቀጥራል። ኮኒ ጁል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ 54 ልጆችን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ በ1ኛ ክፍል መጨረሻ ደካማ አንባቢ የነበረ ልጅ በ4ኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል 88 ከመቶ እንደሆነ አሳይታለች። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተሠራውም በሌላ አገር ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሰፋፊ ጥናቶች ግን ወደዚያው ያመለክታሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተፈጠረ ክፍተት በራሱ ጊዜ አይሞላም፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። «ሲያድግ ያገኘዋል» የሚለው የዘመድ ማጽናኛ በዚህ ጉዳይ ላይ አይሠራም።

ይህ ችግር የውጭ አገር ወሬ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች ከ13 ሺህ በላይ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። የ2ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልጆቹ የተፈተኑት በሚማሩበት ቋንቋ እንጂ በባዕድ ቋንቋ አልነበረም። የአዲስ አበባ ልጆች ከብዙዎቹ ክልሎች የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይሁንና ከዜሮ መሻል ለመኩራት አይበቃም። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ተደናገጠ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። የዚህን ሁሉ ጥፋት በ1ኛ ክፍል ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ የመምህር እጥረት አለ፣ ጦርነት ነበረ፣ የፈተናው አሰጣጥ ተለውጧል። ሆኖም በ12ኛ ክፍል ውጤት ማግሥት በሚደረገው ክርክር ሁሉ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ቤቱ ከመሠረቱ ያጋደለ እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙም አይሰማም።

ማንበብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ፤ ብዙ ወላጅ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የፊደል ገበታው ዋናዎቹ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ተባዝተው 231 ሆሄያት ይሆናሉ። የ1ኛ ክፍል ልጅ ይህን ገበታ ከላይ እስከ ታች በዜማ ሊወጣው ይችላል፤ እንግዳ ሲመጣም «እስቲ ለአጎትህ አንብብላቸው» ይባላል፣ ይጨበጨባል። አሁን ጣትዎን ከገበታው መሐል «ቴ» ላይ ያሳርፉና ይጠይቁት። ሆሄውን በዓይኑ የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይናገራል። በዜማ የሚያውቀው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ» ብሎ ቆጥሮ ይደርስበታል። በመማሪያ መጽሐፉም እንደዚሁ ነው። ገጹን ሳያደናቅፈው ይወርደዋል፤ ሥዕሉን በእጅ ሸፍነው ከሦስተኛው መስመር አንዲት ቃል ብቻ ሲያሳዩት ግን ዝም ይላል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በክፍል ውስጥ መምህሯ ትላለች፣ ልጆች ተከትለው ይላሉ፤ ገጹ በጆሮ ገብቶ በአፍ ወጣ እንጂ በዓይን አላለፈም። በዚህ መንገድ ከክፍል ክፍል እየተዛወረ 4ኛ ክፍል የሚደርስ ልጅ ጥቂት አይደለም፤ የሪፖርት ካርዱም ላይ አማርኛ 85 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የሚያስቆጨው የአማርኛ አጻጻፍ ለጀማሪ አንባቢ ምቹ መሆኑ ነው። ሆሄው የሚጻፈውና የሚነበበው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ እንግሊዝኛን እንደሚማር ልጅ አንዱ ፊደል በየቃሉ ድምፁን እየለዋወጠ አያስጨንቀውም። በደንብ ካስተማሩት አብዛኛው ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ አቀላጥፎ ማንበብ የማይችልበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ወላጅ ገንዘቡን የሚያፈሰው ለምንድን ነው? በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ ነው። ገና በመዋዕለ ሕፃናት ልጁ ከ«ሀ ሁ» በፊት «ኤ ቢ ሲ» ይለምዳል። 1ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳብ ሁለት ይሆንበታል፤ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው «ማትስ» ተብሎ በእንግሊዝኛ። ሳይንሱ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ይሰጣል፣ ስፖክን ለብቻው ክፍለ ጊዜ ይያዝለታል፣ የልጁ ቦርሳ ከጀርባው ይገዝፋል። ማታ ቤት ሲገባ እናቱ ደብተሩን ትከፍታለች። ጥያቄው በእንግሊዝኛ፣ መልሱም በእንግሊዝኛ ከሰሌዳ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ተገልብጧል፤ ከጎኑ ቀይ የራይት ምልክት አለ። «ምን ማለት ነው?» ስትለው «ቲቸር ናት ያጻፈችን» ይላታል። ለፈተና ጥያቄና መልሱን ይሸመድዳል፣ ዘጠና አምስትም ያመጣል። ወላጁም የከፈለበትን ያገኘ ይመስለዋል። የተገኘው ግን በማያውቀው ቋንቋ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ይማርበት የነበረው ሰዓትም አብሮ ሄዷል። የትምህርት ሰዓት እንደ ብር ነው፤ አንዴ ከተመነዘረ ለሌላ አይውልም። በቀን ሦስት ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሽምደዳ ከጠፋ፣ ለአማርኛ ንባብ የቀረችው አንዲት ክፍለ ጊዜ ለሠላሳ ልጅ ተካፍላ ለእያንዳንዱ የምትደርሰው ከሁለት ደቂቃ በታች ናት።

ሕፃን ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ቢማር ይሻለዋል የሚለው ሐሳብ የፖለቲከኛ ፈጠራ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን በአገራችን በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በብዙ ዓመት ይቀድማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሰነድ፣ ልጅን ለማስተማር የሚበጀው የአፍ መፍቻ ቋንቋው መሆኑን አስታውቆ ነበር። ከሰነዱ ይልቅ የሚያሳምነው ናይጄሪያ ውስጥ በኢፌ ከተማ የተደረገው ሙከራ ነው። በፕሮፌሰር ባባቱንዴ ፋፉንዋ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተወሰኑ ልጆች ስድስቱንም የመጀመሪያ ደረጃ ዓመታት በዮሩባ ተማሩ፤ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በሠለጠነ መምህር ወሰዱ። ሌሎቹ በጊዜው እንደተለመደው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ። በመጨረሻ ስድስት ዓመት በዮሩባ የተማሩት ልጆች በሌላው ትምህርት በለጡ፤ በእንግሊዝኛም አልተበለጡም። በእኛም አገር ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና ካትሊን ሂውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ጥናት፣ በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ የ8ኛ ክፍል ውጤት የታየው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ ባስተማሩ ክልሎች እንደሆነ አመልክቷል።

እዚህ ላይ የወላጁን መልስ አውቀዋለሁ። «ጥናቱ ይቆየኝ፤ ልጄ ነገ 9ኛ ክፍል ሲገባ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም እንግሊዝኛ ነው፣ ሥራ ሲያመለክት ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይልመድ።» ይህ ስጋት ባዶ አይደለም። በአዲስ አበባማ ሒሳቡና ሳይንሱ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው። ስህተቱ ያለው ከዚህ እውነት ላይ በተወሰደው ድምዳሜ ነው። እንግሊዝኛ መማርና በእንግሊዝኛ መማር ይለያያሉ። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በደንብ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ካገኙ እሰየው። በእንግሊዝኛ ሳይንስ መማር ግን ቋንቋውን አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል፤ ያንን ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ አያውቅም፣ ብዙ ጊዜ መምህሩም በበቂ አያውቅም። መምህሯ ራሷ የምትፈራውን ቋንቋ ስታስተምርበት ከመጽሐፉ መራቅ አትደፍርም፤ ልጁ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የላትም፤ ወይም ተደብቃ በአማርኛ ትመልስለታለች። ንባብ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚገኝ ክህሎት ነው። በአማርኛ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ መለየት የለመደ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የሚያስፈልገው አዲስ ፊደልና አዲስ ቃል ነው። በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ያልለመደው ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ሁለቱን ሸክም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በመላ አገሪቱ በአማርኛ እንዲሆን የተወሰነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት በዚያ ሥርዓት ስድስት ዓመት በአማርኛ ተምሮ ሐኪምና መሐንዲስ የሆነው ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ፤ እንግሊዝኛ ስላልቻለ የቀረበት ነገር አላየንም።

ይህ ክርክር አማርኛን ለሁሉም ልጅ እንደሚደነግግ ተደርጎ እንዳይወሰድ። በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚነገርለት ልጅ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአዲስ አበባም አለው፤ ወላጁ ሊመለከተው ይገባል። ውጭ አገር ተወልዶ በእንግሊዝኛ አፉን ፈትቶ የመጣ ልጅም በሚያውቀው ቋንቋ ቢጀምር ከመርሑ ጋር ይስማማል። ችግሩ ያለው በቤቱ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው የሌለው ልጅ፣ ሰፈሩም ጓደኞቹም አማርኛ የሆኑለት ልጅ፣ ለስም ሲባል ብቻ ወደማያውቀው ቋንቋ ሲወረወር ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ልጅ ይበዛል።

ሁለተኛው የወላጅ መከራከሪያ የትምህርት ቤቱ ስም ነው። «እዚያ የተማሩ ልጆች ሁሉ ያልፋሉ» ይባላል። መጠየቅ ያለበት ግን ልጆቹ ሲገቡ ምን ዓይነት ነበሩ የሚለው ነው። ለ1ኛ ክፍል ገቢ የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ ትምህርት ቤት ማንበብ የሚችሉትን መርጦ ይወስዳል፤ ክፍያው ከፍ ያለው ደግሞ የተማረ ወላጅ፣ መጽሐፍ ያለበት ቤትና አስጠኚ ያላቸውን ልጆች ይሰበስባል። ከስምንት ዓመት በኋላ ውጤቱ ቢያምር የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው ወይስ ልጆቹ ይዘውት የመጡት? ኬንያ ውስጥ ሉካስና ምቢቲ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸዋል። እጅግ የሚፈለጉት ብሔራዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት በነጥብ ነው። ተመራማሪዎቹ ነጥቡን ለጥቂት አሟልተው የገቡትንና ለጥቂት የቀሩትን ተማሪዎች አነጻጸሩ፤ በችሎታ መሳ ለመሳ ናቸውና። በመጨረሻው ፈተና የጎላ ልዩነት አላገኙም። በቦስተንና በኒውዮርክ ባሉ ታዋቂ ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ምርመራም ድምዳሜው ተቀራራቢ ነው። እነዚህ ጥናቶች ስለ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ደረጃ በቀጥታ አይገለበጡም። የሚያስተምሩን ነገር ግን አለ፤ በሰሌዳ የተለጠፈ ውጤት ስለ ተመዝጋቢዎቹ የሚናገረውን ያህል ስለ ማስተማሩ አይናገርም።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው የግሉን ትተን የመንግሥት ትምህርት ቤት እናስገባ ነው የምትለው?» የሚል ይኖራል። እንደዚያ አላልኩም፤ ግን የግል ስለሆነ ብቻ ይሻላል የሚለውም ማስረጃ ይጎድለዋል። በህንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት በዕጣ የተመረጡ የገጠር ልጆች የግል ትምህርት ቤት እንዲገቡ ገንዘብ ተሰጥቷቸው ለአራት ዓመት ክትትል ተደርጎ ነበር። ሙራሊድሃራንና ሱንዳራራማን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ውጤት፣ ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ልጆች በአካባቢያቸው ቋንቋ በቴሉጉና በሒሳብ ልዩነት አልታየባቸውም፤ የግሎቹ የበለጡት ብዙ ሰዓት በተሰጠው በሂንዲ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወላጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሸሹት በከንቱ አይደለም። 60 ልጅ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ሆኖ ሲቀመጥ መምህሯ እያንዳንዱን አስነብባ መስማት አትችልም። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን በዕጣ በትንንሽና በመደበኛ ክፍሎች ደልድሎ የተካሄደው ሙከራ፣ የተማሪ ቁጥር ማነስ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በርግጥ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ስለዚህ የክፍሉን ቁጥር መጠየቅ ትክክል ነው። የግል ትምህርት ቤት 30 ልጅ ይዞ ጊዜውን በሽምደዳ ካቃጠለው ግን ያ ጥቅም ከንቱ ቀረ። የመንግሥቱም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ በአዲስ አበባ ልጆች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣቸዋል። ሰፈርዎ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳያዩ በስሙ ብቻ መሰረዝ ለልጅዎ ሳይሆን ለጎረቤት ሐሜት ማሰብ ነው።

የተቆጣጣሪው አካል የሚሰጠው ደረጃስ? ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛሉ። ሲመዘገቡ የትምህርት ቤቱን ደረጃ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ደረጃ 1 ወይም 2 ሆኖ የክፍያ ጭማሪ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ማብራሪያ ሊያቀርብልዎት ይገባል። ይህ ምዘና ግን ትምህርት ቤቱን ጠቅልሎ የሚያይ ነው። ቤተ ሙከራውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ የከፍተኛ ክፍሎች ውጤትም በአንድ ድምር ይገባሉ። ብርቱ የ8ኛ ክፍል መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት በ1ኛ ክፍል ትናንት የተቀጠረች ልምድ የሌላት ወጣት አስቀምጦ ጥሩ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። በብዙ ቦታ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ጠንካራው መምህር ወደ ተፈታኝ ክፍል ይወጣል፣ ጀማሪው ወደ ሕፃናቱ ይወርዳል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ሊሆን ይገባ ነበር።

ስለዚህ ወላጅ ራሱ መመዘን አለበት፤ የሚጠይቀውም የአንድ ጠዋት ፈቃድ ነው። ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት፣ ክፍል እየተማሩ ባሉበት በግንቦት መጨረሻ ይሂዱ። ርእሰ መምህሩ ግቢውንና የኮምፒዩተር ክፍሉን ሊያስጎበኝዎት ሲነሳ በትሕትና «2ኛ ክፍል ለአሥር ደቂቃ ብቀመጥ» ይበሉ። የልጆች ተረት መጽሐፍ ይዘው ይሂዱ፤ መማሪያ መጽሐፉ አይሁን፣ በቃላቸው ይዘውታልና። መምህሯ የምትመርጥልዎትን ልጅ ሳይሆን ከኋላ ከተቀመጡት ሁለት ሦስቱን ጥቂት መስመር እንዲያነቡልዎት ይጠይቁ። ከዚያ «ልጅቷ ለምን አለቀሰች?» ዓይነት አንዲት ጥያቄ ያንሱ። የጎበዙ ልጅ ንባብ የቤቱን ጥረት ሊያሳይ ይችላል፤ የኋላ ወንበሮቹ ግን ክፍሉን ያሳዩዎታል። ደብተራቸውን ይግለጡ። በሠላሳው ደብተር ላይ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ካለ ከሰሌዳ ግልበጣ ነው፤ የልጁ የራሱ፣ ግድፈት ያለበትና መምህሯ ያረመችው ዓረፍተ ነገር ካገኙ ደስ ይበልዎት። በክፍሉ ውስጥ ልጅ እጁ የሚደርስበት የሚነበብ ነገር አለ ወይስ መጻሕፍቱ በቢሮ ቁም ሣጥን ተቆልፈዋል? የ1ኛ ክፍል መምህርቷ እዚህ ስንት ዓመት ሆናት? ባለፈው ሰኔ ስንት መምህራን ለቀቁ? በየዓመቱ መምህር የሚቀያይር ትምህርት ቤት ምንም ያህል ቢያምር ሕፃን የሚሰጠው ቦታ አይደለም። «እንግዳ ክፍል አናስገባም» ካሉዎት ምክንያቱን ይጠይቁ። የልጆች ደኅንነትና የትምህርት መረበሽ በቂ ምክንያቶች ናቸው፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ቢሮ መጥተው ያንብቡልዎት። እሱንም እምቢ የሚል ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቶዎታል።

ስለ ርቀት ብዙ አልልም። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከእንቅልፉ ተጎትቶ ሰርቪስ ውስጥ ተኝቶ የሚሄድ፣ ማታም ተኝቶ የሚመለስ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ቢመረጥ ቀኑን ግማሽ ሆኖ ነው የሚማረው። ሁለት ትምህርት ቤቶች በንባብ ከተቀራረቡ በእግር የሚኬድበትን ይምረጡ።

የሚቀረው ከባዱ ተቃውሞ ነው። «ምርጫ የሚባለው ለባለገንዘብ ነው፤ አብዛኛው ወላጅ ያገኘበት ያስገባል።» እውነት ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌ ያለው ትምህርት ቤት አንድ ነው፣ በከተማም ለብዙ ቤተሰብ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የማይታሰብ ነው። ነገር ግን እዚህ የቀረበው መመዘኛ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለቀን ሠራተኛም ለባለሀብትም እኩል ያገለግላል። ራሳቸው ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች እንኳ ታላቅ ልጅ ወይም ጎረቤት ሊመዝንላቸው ይችላል። ሌላ ትምህርት ቤት የመምረጥ ዕድል የሌለው ወላጅ ደግሞ ባለበት ትምህርት ቤት የመጠየቅ መብት አለው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ የተቋቋመው ለአጥር ሥራና ለመዋጮ ብቻ አይደለም። በጥቅምት ስብሰባ ላይ አንድ ወላጅ ተነስቶ «የ2ኛ ክፍል ልጆቻችን ስንቶቹ ያነባሉ?» ቢል፣ በጥር ደግሞ ሌላው ያንኑ ቢደግመው፣ ርእሰ መምህሩ መልሱን ለማወቅ ይገደዳል። ዛሬ አብዛኞቹ ርእሳነ መምህራን ይህን ቁጥር የሚያውቁት አይመስለኝም፤ የሚጠይቃቸው የለማ።

ወላጅ ብቻውን በየበሩ እየዞረ ይመዝን ማለትም ፍትሐዊ አይሆንም። የከተማ አስተዳደሩ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ተቆጣጣሪ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ውጤትን ለማጠናቀር አቅም አለው። ከየትምህርት ቤቱ የ2ኛ ክፍል ልጆች ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ አምስት አምስት ደቂቃ ማስነበብ ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ለዚህ የሚሆን የመመዘኛ ዘዴም በአገራችን ቋንቋዎች ተዘጋጅቶ ሥራ ላይ ውሎ ያውቃል። ውጤቱ በየዓመቱ በሰኔ፣ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ጎን በየበሩ ይለጠፍ፤ የመንግሥትም የግልም ሳይለይ። ባለሥልጣኑ ይህን እስኪያደርግ ድረስ ወላጆች የመመዝገቢያ ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ሲያነብ ስሙ።